የጥብስ ቅጠል የሚሞተው ውሃ ሲበዛበት ነው

[ምስል፦ እጅ ከቁጥቋጦ ላይ አንድ ቀንበጥ ሲቀጥፍ፣ በጣም ቀርቦ]

ሰላም ናችሁ ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ከደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ፣ ከጓሮዬ ነኝ። ይሄን ቅጠል እዩልኝ። እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ገልበጥ ስታደርጉት ደግሞ ነጣ ያለ። አንዷን በሁለት ጣታችሁ እሽት አድርጉና ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ። ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ያዝ ያዝ የሚያደርግ ነገር ዘይቱ ነው። ጥብስ ቤት ደጃፍ ስታልፉ እግራችሁን የሚያስቆመው ሽታ ይሄ ነው።

አብዛኞቻችን የጥብስ ቅጠል እንለዋለን። ስጋ መጥበሻ የሚልም አለ፣ አዝመሪኖ የሚልም አለ፣ ሱፐርማርኬት ስትገቡ ደግሞ ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ ሮዝመሪ ተብሎ ይሸጣል። ሁሉም አንድ ነው። የበሶብላ፣ የጦስኝ፣ የዳማከሴና የናና ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ለረጅም ጊዜ ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ግን የዕፅዋት አጥኚዎች ከሳልቪያ ወገን ስላስገቡት አሁን ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ይባላል።

ግን ከስሙ ይልቅ አገሩን ያዙልኝ። ጦስኝ የኛው የደጋው ነው፣ ተራራችን ላይ ሳይዘሩት ይበቅላል። የጥብስ ቅጠል ግን እንግዳ ነው። የመጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው፣ በጋው ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ነፋስ አይጠፋም። ውሃ ወርዶ ያልፋል እንጂ አይተኛም። ይሄን ከያዛችሁ፣ ስለ አተካከሉ የምነግራችሁ ሌላው ሁሉ ከዚሁ ይወጣል።

[ምስል፦ የደረቀ ተክል ከነሥሩ ሲነቀል፣ ጥቁር አፈር ላይ]

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያውን ችግኝ ገዝቼ ጓሮው ውስጥ ዋልካው ላይ ተከልኩት። ስለምሳሳለት ጠዋትም ማታም አጠጣው ነበር። ክረምት ገባ፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌን አልፎ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቡናማ እየሆነ መጣ። ጫፉ ዘመመ። ጠምቶት ነው ብዬ፣ ዝናብ ባባራ ቀን ሁሉ ውሃ ጨመርኩለት። በኋላ ስነቅለው ያለ ምንም ጉልበት ነው የወጣው። ሥሩ ጠቁሯል፣ ስትነኩት ልጡ እንደተቀቀለ ነገር ሙልጭ ብሎ ይላቀቃል፣ ሽታውም የበሰበሰ ነው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም የገደልኩት በመንከባከብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መሃል ያለው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ከታች ውሃ ሞልቶ ከላይ ቅጠሉ እንደተጠማ ይደርቃል። ሰው አይቶ ተጠማ ይላል፣ ይጨምርለታል፣ ያልቅለታል። የጥብስ ቅጠል አልበቅል አለኝ የምትሉኝ ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋ ነው የተሳሳታችሁት ብዬ አስባለሁ።

ጎረቤታችን ያሉት እናት ግን ድንጋይ ካቡ ጫፍ ላይ የበቀለ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ አላቸው። ቁመቱ ከወገቤ በላይ ነው። ውሃ ሲያጠጡት አይቼ አላውቅም። ዝናቡ በድንጋዩ መሃል ወርዶ ያልቃል፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያገኘዋል። የኔው መሞቱን ስነግራቸው አራት ቀንበጥ ቆርጠው ሰጡኝ። አሁን የምታዩት ጓሮዬ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

[ምስል፦ ቀንበጥ፣ መቀስ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ አሸዋ]

ስለዚህ ፍሬ አትግዙ። ፍሬው ለመብቀል ይዘገያል፣ ብዙውም ሳይበቅል ይቀራል። ካለው ሰው ቀንበጥ ለምኑ። ያላበበ፣ እንጨት ያልሆነ፣ ስታጥፉት እሺ የሚል ጫፍ ምረጡ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ወደታች ላጥ ላጥ አድርጋችሁ አንሱት፣ አፈር ውስጥ የሚገባ ቅጠል ይበሰብሳልና።

ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ካላችሁ አንገቱን ቁረጡና ሥሩን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳውን እንዳትረሱ፣ አደራ። አፈሩን ግማሽ በግማሽ ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ቦርከና ቅርባችሁ ነው፣ አሸዋ አታጡም። ከዚያ ሦስት አራቱን አብራችሁ ትከሉ፣ ሁሉም አይዝምና። አንዴ አጠጥታችሁ፣ በስስ ፌስታል ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ብርሃን ያለበት ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያርፍበት ቦታ አስቀምጡ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። እየነቀላችሁ አትዩት! ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጎ ሥር ማስያዝም ይቻላል፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ መቀየር ነው። እኔ ግን አሸዋውን እመርጣለሁ፣ ሥሩ ይጠነክራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እንደ ደሴ ላለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቦታ፣ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ በመስከረም መጨረሻ መጀመር ጥሩ ነው። ደላንታና ኩታበር ላይ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ያደገው ቁጥቋጦ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል፣ ለጋው ግን ይቃጠላል፣ ማታ ማታ ቤት አስገቡት ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ይስማማዋል። ባቲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በበጋው ውሃውን ትንሽ መጨመር አለባችሁ።

[ምስል፦ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ፣ ጠጠር ሲጨመርበት]

ወደ መሬት ስታወርዱት ቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ስጡት። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ፣ የጃማ ገበሬ ዋልካው ላይ ውሃ እንዳይተኛበት በመደብና በቦይ እንደሚያርሰው፣ እናንተም ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት፣ ጠጠርና አሸዋ ጨምሩበት። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ግማሹን ሥራ መሬቱ ራሱ ሠርቶላችኋል። በተክሎቹ መሃል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተዉ፣ አየር ይለፍበት። ፍግ አታብዙ። ምቾት ሲበዛበት ቅጠሉ ይለመልምና ሽታው ይሳሳል።

ውሃ መቼ ይጠጣ? ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ካለ ተዉት። ደርቆ ከሆነ በደንብ አጠጡና እንደገና እስኪደርቅ ጠብቁ። በክረምት ሜዳ ላይ ላለው ምንም አያስፈልገውም። ጀሪካን ውስጥ ያለውን ደግሞ ከጣሪያ ጠርዝ ስር አስጠጉት።

ስትቆርጡ ከጠቅላላው ከሲሶ በላይ አትውሰዱ። ቅጠል የሌለውን የእንጨት ክፍል ከቆረጣችሁ ብዙ ጊዜ እንደገና አያቆጠቁጥም፣ ሁልጊዜ ከአረንጓዴው ላይ ቁረጡ። ሰማያዊ አበባ ሲያወጣ ጥቂት ቅርንጫፍ ተዉለት፣ ንብ ይወደዋል።

[ምስል፦ መጥበሻ ላይ ስጋ፣ ቀንበጥ ሲጣል]

አሁን ወደ ማጀት። ለጥብስ ብዙ ሰው ከሽንኩርቱ ጋር ገና ሲጀመር ይጨምረዋል። የጋለ ቅባት ውስጥ ሲቆይ ቅጠሉ ያርና ይመራል። እኔ ሙሉ ቀንበጡን የምጥለው ስጋው ሊወርድ ሲል፣ ቃሪያው ሲገባ ነው። ከዚያ ክዳን ለአንድ ሁለት ደቂቃ። ለአረፋ በግ ሲታረድ ሞክሩትና ልዩነቱን ንገሩኝ። ስጋ ብቻም አይደለም። ድንች ከነልጡ ከፍላችሁ በዘይትና በጨው ስትጠብሱ ጣል አድርጉበት፣ ለጾም ሽሮም አንድ ትንሽ ቀንበጥ ይበቃል። በዛ ካለ ግን ወጡ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ለሻይ አንዲት የጣት ርዝመት ቀንበጥ በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለሻይ ከሆነ እኔ የደጋውን ጦስኝ አልለውጥም። ጉንፋን ሲይዘኝ ሁለቱን እቀላቅላለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ትኩስ ቅጠል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ቤት ውስጥ ለሳምንታት አታስቀምጡ። እርጥብ ቅጠል አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያበቅል ይችላል። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ አንጠልጥላችሁ በደንብ አድርቁት።

ጥቅሙስ? ቅጠሉ ውስጥ ካርኖሲክ አሲድና ሮዝማሪኒክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ስብ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ እንዳይበላሽ ያዘገያሉ። የአውሮፓ ሕብረት ከቅጠሉ ተጣርቶ የሚወጣውን ንጥረ ነገር ምግብ እንዳይበላሽ ለመጠበቅ ፈቅዷል፣ ማሸጊያ ላይ ኢ 392 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ስጋና የጥብስ ቅጠል አብረው መሆናቸው ለሽታ ብቻ አይደለም።

ስለ ፀጉር በጣም ነው የምትጠይቁኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። በዘር የሚመጣ የፀጉር መሳሳት ያለባቸው 100 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ግማሹ የሮዝመሪ ዘይት፣ ግማሹ ሁለት ፐርሰንት ሚኖክሲዲል የሚባል የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ለስድስት ወር ተቀቡ። በሦስተኛው ወር ለውጥ አልነበረም፣ በስድስተኛው ወር ግን ሁለቱም ጋ ፀጉር ጨምሯል፣ በመካከላቸውም ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን ትንሽ ጥናት ነው፣ ምንም ያልተቀባ ቡድንም አልነበረውም። በሳምንት ፀጉር ያበቅላል የሚላችሁን አትስሙ። ተጣርቶ የሚሸጠውን ዘይት ደግሞ እንዳለ አትቀቡ፣ ጥቂት ጠብታ በሌላ ዘይት አቅጥኑት፣ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። አትጠጡትም!

ስኳር ይፈውሳል፣ ግፊት ያጠፋል እየተባለም ይወራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ለዚህ ብላችሁ እንዳታቆሙ። ወጥ ላይ የሚጣለው መጠን ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ነፍሰ ጡር እናቶችና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ግን በብዛት አፍልተው ከመጠጣት ይቆጠቡ። ደም ማነስ ያለባችሁም ሻዩን ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ብረት እንዳይገባ ያግዳልና፣ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት።

[ምስል፦ ጀሪካኑ መስኮት አጠገብ፣ አራት ቀንበጦች]

እነዚህን አራቱን ዛሬ ጠዋት ነው የተከልኳቸው፣ ከዚያው ከጎረቤታችን እናት ካብ የመጣው ላይ ቆርጬ። ሥር ሲይዙ አንዷ ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ናት፣ የሷ ባለፈው ክረምት ውሃ በዝቶበት ሞቶባታል። ከስምንት ሳምንት በኋላ እዚሁ ሳብ አድርጌ አሳያችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ።