ከጡት ጫፍ ደም ሲታይ

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? አካም ጅርቱ? የሐሙስ ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አላስቀምጣችሁም።

የማወራው አፍረን ስለምንደብቀው ነገር ነው። ማጥባት ካቆመች የቆየች ሴት አንድ ቀን ጡት መያዣዋ ላይ ጠብታ ታያለች። የጠራ ፈሳሽ ወይም ደም። «አለቀልኝ፣ ካንሰር ነው» ትላለች። ከዚያ አጥባው ዝም!

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኢንትራደክታል ፓፒሎማ የሚባለው ነው። የወተት ቱቦ ውስጥ የምትበቅል፣ ኪንታሮት የመሰለች ትንሽ ሥጋ ናት። ካንሰር አይደለችም። ከ35 እስከ 55 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ትበዛለች። ስስ የደም ሥር ስላላት ቶሎ ትደማለች። በእጅ ላትዳሰስም ትችላለች።

ሐኪሙ መጀመሪያ ይጠይቃል። ፈሳሹ ከአንድ ጡት ነው ከሁለቱም? ሳይጨመቅ ራሱ ይወጣል? ከሁለቱም ወተት የመሰለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሆርሞን ወይም ከመድኃኒት ነው። ከአንዱ ብቻ፣ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ግን ምርመራው ይቀጥላል። አልትራሳውንድ የሰፋውን ቱቦና ውስጡ ያለችውን እብጠት ሊያሳይ ይችላል። ማሞግራፊ፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ትንንሾቹን ሊስት ስለሚችል «ማሞግራፊዬ ንጹህ ነው» ብላችሁ ደም እያያችሁ አትቀመጡ። በየቀኑ እየጨመቃችሁም አትፈትሹ፤ ጭመቃው ራሱ ፈሳሽ ያመጣል።

ቁርጡ የሚታወቀው በናሙና ነው። እዚህ ላይ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ይመጣል። እውነቴን ነው፣ በጣም ያናድደኛል! ስንቷን ሴት ቤት አስቀርቷል። ናሙና መውሰድ ደህናውን እብጠት ካንሰር አያደርገውም። ቦታው ይደነዝዛል፤ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ቀጭን ቁራጭ ይወሰዳል። ሕዋስ ብቻ የሚስበው ቀጭኑ መርፌ አንዳንዴ አይበቃም፤ «እንደገና ይወሰድ» ቢባል አትደንግጡ። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ ሕዋሶቹ ጤነኛ መሆናቸውን ያያል። መልካቸው የተለወጠ ካሉ እብጠቷ በቀዶ ሕክምና ወጥታ ሙሉዋ ትመረመራለች። የሚወጣው ያ ቱቦ እንጂ ጡቱ አይደለም። ከሌሉም ፈሳሹ ካስቸገረ ልትወጣ ትችላለች፤ ትንሽ ከሆነች ደግሞ በክትትል ብቻ ልትታይ ትችላለች።

በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ሊጽፉላችሁ ይችላሉ። የናሙናው ውጤት ሲደርስ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀሩት፤ ለላካችሁ ሐኪም መልሱ።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። ሰው ፊት መጠየቅ ያልፈለገች ከኋላ ባለው ክፍል ነርሷን ለብቻዋ ታግኛት።