መጀመሪያ መምህሩ

ብፁዓን አባቶች፣ ክቡራን ካህናት፣ ገዳማውያንና ገዳማውያት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፦

ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲያችን መጪ ዕድገት እንድናገር ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ዕድገት ሲባል ምን እንደሚጠበቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕንፃ፣ አዲስ የትምህርት ክፍል፣ የተማሪ ቁጥር። ስለ እነዚህ የሚናገሩ ሰዎች መርሐ ግብሩ ላይ ስላሉ ለእነርሱ ልተውላቸው። እኔ የመጣሁት ጠመኔ ይዞ ስለሚቆመው ሰው ለመናገር ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን የተሰየመለት ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ተማሪ ሳለ ዝምተኛ ስለነበረ፣ ጓደኞቹ «ድዳው በሬ» እያሉ ያሾፉበት እንደነበር ይነገራል። የዚህ በሬ ድምፅ አንድ ቀን ዓለምን እንደሚሞላ የተናገረው መምህሩ ታላቁ አልበርት ነው። ያ መምህር አስተውሎ ባያየው ኖሮ ዛሬ በራችን ላይ የማንን ስም እንጽፍ ነበር?

ወደ አገራችን እንምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ብዙዎቻችን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ነን፤ የሲስተሮቹን ማስመሪያ መዳፋችን አልረሳውም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር አባቶች የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ። የቀደሙት ኢየሱሳውያን ዐፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አድርገው አገር የታወከበት ዘመን በዚህ አገር ያልተረሳ ነገር ነውና፣ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተነገራቸው። እሺ ብለው ቀሚሳቸውን አስቀምጠው በኮትና በከረባት አስተማሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጅ ማቋቋም ሲፈልጉ ሥራውን የሰጡት ለዚሁ ትምህርት ቤት ኃላፊ ለነበሩት ለዶክተር ሉሲየን ማት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ኮሌጅ የተነሣ ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። መምህሩ ቤተ መንግሥቱን ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞታል ማለት ነው! አስመራም ላይ እንዲሁ፤ የኮምቦኒ ሲስተሮች እ.ኤ.አ. በ1958 የሳንታ ፋሚሊያ ኮሌጅን ከፈቱ፣ እርሱም ኋላ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

አሁን ግን ምን ላይ ነን? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ሠላሳ ሺህ አልሞሉም። ከመቶ ሦስት! በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ከዚያው ከሦስት አልራቀም። ያን ሰሞን ሁሉም ልጆቹን ወቀሰ፤ ሰነፎች ናቸው፣ ስልክ አበላሻቸው ተባለ። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን «እንግዲህ መምህር ይሁን» እያልን የኖርነው እኛ አይደለንም ወይ? ለዓመታት ክፍሉን ለተረፈ ሰው ሰጥተን፣ ዛሬ ከክፍሉ ምን ወጣ ብለን እንደነግጣለን!

ቀደም ሲል ባስተማርኩበት አንድ የግል ኮሌጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ የአምስት ዓመት ዕቅድ ሊወጣ ተሰበሰብን። ጠዋቱን በሙሉ የተከራከርነው መግቢያው በር በአምቦ ድንጋይ ይሠራ ወይስ በእምነ በረድ በሚል ነበር። አንዱ ናሙና ሁለት ቁራጭ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ አዞረልን፤ እየዳሰስን አስተያየት ሰጠን። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ እጄን አውጥቼ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሆን ፕሮግራም እንክፈት አልኩ። የፋይናንስ ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ፣ «መምህር ስንት ይከፍላል?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሩ በአምቦ ድንጋይ ተሠራ፤ ያምራል፣ አልዋሽም።

እዚያው ኮሌጅ ሳለሁ ደግሞ በሒሳብ ጎበዝ የሆነ አንድ ተማሪ ነበረኝ። መምህር እሆናለሁ ሲል ቤተሰቡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እኔ ዘንድ ሽማግሌ ላከ! ሦስት የተከበሩ አባቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎኔ ገቡ። ቡና ተፈላ፣ ስለ ዝናቡም ስለ እህል ዋጋም ተወራ፣ በመጨረሻ ታላቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጃችንን ምን አደረግንህና ነው?» አሉኝ። ልጁን ለውትድርና የመለመልኩት ነበር የሚመስለው። እኔም ለአቅሜ ስለ ሙያው ክብር ተናገርኩ። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ክብሩስ ይሁን፤ የቤት ኪራይ ማን ይከፍልለታል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ ዛሬ ባንክ ነው የሚሠራው።

ለዚያ ሽማግሌ መልስ ያለው ዩኒቨርሲቲ እፈልጋለሁ። ከሌሎች ሁሉ ይልቅ እኛ እንችላለን፤ ቤተ ክርስቲያናችን በየሀገረ ስብከቱ የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏትና ያሠለጠነችውን መምህር የት እንደምታሠራው ታውቃለች። በመጀመሪያ የሚገኘው የነፃ ትምህርት ዕድል ከፍተኛ ውጤት ይዘው መምህር ለመሆን ለሚመጡ ይሁን። ክፍያው፣ መኖሪያው፣ የክረምት ሥልጠናው ከወዲሁ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር በውል ይታሰር። ካቶሊክ ይሁን አይሁን አይጠየቅ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሕዝቡ አንድ ከመቶ እንኳ አልሞላንም፤ ለራሳችን ብቻ ዩኒቨርሲቲ ከከፈትንማ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። በከረባት ያስተማሩት አባቶች ይህን ከእኛ ቀድመው ገብቷቸው ነበር።

ስለ ምርምር፦ መምህሩ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍል እንደሚገባ ሳይቀነስለት ምርምር አይጠየቅ። ስለ ቤተ መጻሕፍት፦ እሑድም ማታም ይከፈት። ስለ ክፍያ የጻፍኩት አንድ ገጽ አለ፤ ለጽሕፈት ቤቱ እሰጣለሁ፣ እዚህ አላነበውም።

ስለ ሕንፃው የሚያስረዱን መሐንዲሶች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አስመዘግባለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ በጀት ስትወያዩ የመምህራን ሥልጠና በአጀንዳው አንደኛ ተራ ላይ ይጻፍልኝ፤ ከምሳ በፊት ያለችው አምስት ደቂቃ እንዳትደርሰው።

አመሰግናለሁ።