የጅማ በርጩማና የኮንሶ ድንጋይ

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ይህን በርጩማ ከቤት ይዤ የመጣሁት መቆም አቅቶኝ አይደለም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሦስቱም እግሮቹ ምስማር አያውቁም። ለጅማ ሰው ስለ በርጩማ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን አላበዛም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የጠረቡት አባት ጠርዙን ዙሪያውን በቅርጽ አስጊጠውታል። ቅርጹ ባይኖር መቀመጥ ያቅተኝ ነበር? አያቅተኝም። ታዲያ ምን አለፋቸው?

ይህ ልፋት ከእኛ ከዘመናዊ ሰዎች በፊትም የነበረ ይመስለኛል።

ሩቅ ሳንሄድ ኮንሶን እንይ። እዚያ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል። እጀታ የላቸውም፤ በመዳፍ የሚያዙ ናቸው። የጥንቶቹ ሻካራ ናቸው። ጥቂት ቦታ ተፈልጦ ጫፉ ከሾለ በቃ። እዚያው ኮንሶ ከ850 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የተሠሩት ግን ሌላ ናቸው። ቀጠን ብለዋል፤ ግራና ቀኛቸው ተመጣጥኗል። እንደኛ ያለ ሰው ያኔ ገና አልነበረም። «ለሥራ እንዲመች ነው እንጂ ለውበት አይደለም» የሚል ይኖራል። ይሁንለት። እኔ ግን ድንጋዩን አገላብጦ አይቶ፣ «ቆይ ገና ነው» ብሎ አንዴ የደገመው ይታየኛል።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት፣ ትሪኒል በሚባል ቦታ ደግሞ አንድ የወንዝ ዛጎል ተገኝቷል። ቢያንስ 430 ሺህ ዓመት ይሆነዋል። ላዩ ላይ በስለት የተጫረ፣ ወዲያና ወዲህ እየተሰበረ የሚሄድ (ዚግዛግ) መስመር አለ። ከመቶ ዓመት በላይ በሙዚየም ተቀምጦ ልብ ያለው አልነበረም! ጫሪው ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው፣ ከእኛ በፊት የኖረ ጥንታዊ የሰው ዝርያ ነው ይባላል።

ኒያንደርታሎችስ፣ እነዚያ ዘራቸው የጠፋው የሰው ዘመዶች? ፈረንሳይ ውስጥ ብሩኒኬል የሚባል ዋሻ አለ። ከመግቢያው 336 ሜትር ገብተው፣ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ፣ ከወለሉ የበቀሉ የድንጋይ ዓምዶችን ሰብረው በክብ ደርድረዋል። 400 ያህል ስባሪ ነው። እሳትም አንድደዋል። ይህ ከ176 ሺህ ዓመት በፊት ነው።

ሙዚቃው ላይ ነው ጭቅጭቁ። በ1995 እ.ኤ.አ. ስሎቬንያ ውስጥ፣ ዲቪዬ ባቤ ዋሻ፣ ቀዳዳ ያለው የድብ ግልገል የጭን አጥንት ተገኘ። ገሚሱ «የኒያንደርታል ዋሽንት ነው» አለ። ገሚሱ «አውሬ ነክሶ የበሳው ነው» አለ። እስከ ዛሬ አልታረቁም። እኔም አላስታርቅም። ግን እስቲ አስቡት፤ ሸምበቆ ነፍተው ቢሆንስ? ሸምበቆ ይበሰብሳል። እስክስታና ጭብጨባማ አጥንት የለውም፤ ተቆፍሮ አይወጣም።

በሉ፣ ዋሽንቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመው ልጃችን ደከመው። ና ግባ፣ በርጩማው ያንተ ነው።