የወደቀችው «ኢ»

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ይቅርታ።

ዛሬ ስለ አንዲት ፊደል ነው የማወራው። ስለ «ኢ»።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፍራሹ ሥር የሚያስቀምጣቸው ወረቀቶች ነበሩት። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፣ ጠርዙ የጠቆረ። የኢሰመጉ መግለጫዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ። ልጅ ሆኜ ተደብቄ ሳነባቸው ደረቅ ሆኑብኝ። ስድብ የለ፣ ፉከራ የለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተመታበት ቦታ። ቀጥሎ ሌላ ስም። አባቴ አንድ ቀን ያዘኝ። ይቆጣል ስል «እዚህ ላይ የተጻፈ ሰው እንደ ውሻ አልሞተም» ብሎኝ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰው።

ድርጅቱ በ1984 መስከረም በፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም መሪነት ነው የተቋቋመው። ያንን ዝርዝር መያዝ ዋጋ ያስከፍል ነበር። የሥራ አስፈጻሚ አባሉ አቶ አሰፋ ማሩ፣ የመምህራን ማኅበርም መሪ ነበሩ፣ በ1989 ሚያዝያ መጨረሻ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

ኢሰመጉን ጥይት አልዘጋውም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ሒሳብ ነው።

በ2001 አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም አለ። በጨዋ አማርኛ የተጻፈ ነው፣ ማንንም «ዝጋ» አይልም። ግን እኛ አገር ለእድርና ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለሰብአዊ መብት ማን በየወሩ ያዋጣል? ደግሞም ስሙ የታወቀ ሰው ያዋጣ ይመስላችኋል? በዚያ ላይ 70/30 የሚሉት መመሪያ መጣ። ከወጪው 30 በመቶ ብቻ ለአስተዳደር። ክልል ወርዶ የሟች ቤተሰብ የሚያነጋግረው ሰው ነዳጅና አበል አስተዳደር ተብሎ ተቆጠረ። ሥራው መሄድ የሆነን ሰው መሄድህ ብክነት ነው እንደማለት ነው።

በ2002 የኢሰመጉና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተሰበሰበውም ገንዘብ ጭምር። ኢሰመጉ ከ12 ቅርንጫፎቹ 9ኙን ዘጋ። በ2005 ሰበር ሰሚ ችሎት እገዳውን አጸናው። ፊደሏ ግን ቀድማ፣ በዚያው በ2002 ነው የወደቀችው። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ለመያዝ ሕጉ ያስቀመጠው መስፈርት ነበርና ድርጅቱ «ሰመጉ» ሆኖ ተመዘገበ። በአማርኛ «ኢ» ከፊት ስትገባ ታፈርሳለች፣ ኢሰብአዊ፣ ኢፍትሐዊ እንላለን። እዚህ ግን ስትወጣ ነው ያፈረሰችው።

እኔ በዚያ ሰሞን አንዲት ትንሽ ማኅበር ውስጥ ፋይል አደራጅ ነበርኩ። ስሟን አልጠራም። ለተደበደቡ ሴቶች ክስ ትጽፍ ነበር። አዋጁ ሲመጣ አለቆቻችን ተሰብስበው መክረው «መብት» የሚለውን ቃል ከታፔላው ላይ በቀለም አስጠፉ። «ኑሮ ማሻሻያ» ሆንን። በተግባር ዶሮ እናድላለን ማለት ነው። አንድ ማክሰኞ ፊቷ ያበጠ ሴት በፌስታል ወረቀት ይዛ መጣች። ሒሳብ ሹሟ ልማዷ ሆኖ «ስንት ጫጩት ነው የተመዘገበልሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። «ኧረ እኔ ባሌን ልከስ ነው የመጣሁት እትዬ» አለች። ሁላችንም አቀርቅረን ወረቀት አገላበጥን። የሄደችበትን አላውቅም። ፌስታሉ ሰማያዊ ነበር።

በ2011 አዋጁ ተሻረ። አዲሱ 1113 የውጭ ገንዘቡን ገደብ አነሣ፣ «ኢ»ም ተመለሰች። እኔ ያን ቀን ለአባቴ ልደውል ስልኬን አንሥቼ ነው መሞቱ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ በ2017 ኅዳር ሦስት የመብት ድርጅቶች ታገዱ። ገለልተኛ አይደላችሁም፣ የአገር ጥቅም ትጎዳላችሁ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ተራው የኢሰመጉ ሆነ። እገዳው ከወራት በኋላ ተነሥቷል፣ እሱን መካድ አልችልም። ግን ዕግዱ የመጣው ሁላችንም ካጨበጨብንለት ሕግ ጋር የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በጻፈው ደብዳቤ ነው። አንድ ድርጅት በደብዳቤ የሚታገድ፣ በደብዳቤ የሚፈታ ከሆነ ሠራተኛው ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፖስታውን ነው። እንደዚያ ሆኖ ማን ገጠር ወርዶ ስም ይመዘግባል?

ባለፈው ቤት ስናጸዳ የአባቴን ወረቀቶች አገኘኋቸው። አይጥ ጫፋቸውን በልታዋለች። ከስሞቹ አንዱ ግማሹ ተቆርጦ ዕድሜው ብቻ ቀርቷል። 19።