«ጠዋት ታማ፣ ከሰዓት ገበያ»

እንደምን ዋላችሁ፣ የሰፈሬ ሰዎች። ኮሚቴው ከአጀንዳው በፊት ጥቂት ደቂቃ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። አላስረዝምም።

እኔ ነርስ ነኝ። የምኖረውም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ከእናንተው ጋር ነው። ዛሬ የማወራው በደፈናው ቁርጥማት ስለምንለው ነገር፣ በተለይ ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚባለው ነው። አብረውት ስለሚመጡት ድብርትና ጭንቀትም።

ይህ በሽታ ብርድ ስለመታን የሚመጣ አይደለም። የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የሽማግሌ በሽታ ብቻም አይደለም፤ የ30 ዓመት ሴትም ትያዛለች። በሴቶች ላይ ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። ወንዶችም አላችሁበት፤ እናንተ ደግሞ ጭራሽ አትናገሩም።

ጠባዩ ሰው ያጣላል። ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል። የጄሪካን ክዳን መክፈት፣ የልጅ ዩኒፎርም መቆለፍ፣ ሊጥ ማንሳት መከራ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ሰውነት ሲፍታታ ቀለል ይላል። ያቺው ሴት ከሰዓት ዘንቢል አንጠልጥላ ትታያለች። ጎረቤት «ጠዋት ታማ፣ ከሰዓት ገበያ!» ይላል። ባል ይሰማል። እሷም ትሰማለች። ቀስ በቀስ አመመኝ ማለቱን ትተዋለች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ከሆነ፣ ሊፍት የለንምና፣ መውረዱንም ትተዋለች። ዕድሩ ይቀራል፣ ቡና መጠራራቱ ይቀራል። ድብርቱ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ግን የኑሮ ጣጣ ብቻ አይደለም። መገጣጠሚያን የሚያሳብጡት የብግነት ኬሚካሎች በደም ዞረው አንጎልንም ይነካሉ። ድካሙም መከፋቱም ከዚያም ይመጣል። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ» ብቻውን አያድንም። በ2013 የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ሥራ ከ100 የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች 17 የሚሆኑት ከባድ ድብርት እንዳለባቸው አሳይቷል።

ጭንቀቱ ደግሞ ሌሊት ይመጣል። «ነገ እጄ ይታዘዘኝ ይሆን? መድኃኒቱ ባይገኝስ? ሥራ ብፈታ ልጆቹን ማን ያበላል?» ዝም ብላ አይደለም የምትጨነቀው፤ መድኃኒት በእርግጥም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ ይብስበታል፤ ሕመሙ ሲብስ ጭንቀቱ ይከተላል።

የተደበረ ሰው «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ኪኒኑን ይተዋል፤ ወይም ያምታታዋል። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ሌላው የዚህ በሽታ መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ራሱ እንቅልፍና ስሜት ሊያዛባ ይችላል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በኋላ በድንገት አይቋረጥም። ሐኪም ሳያውቅ አትነካኩት። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ግን ለሐኪም ጣታችንን እያሳየን ሆዳችንን እንደብቃለን። ሐኪሙ ቸኩሎ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ባለፉት 2 ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ከፍቷችኋል? ትወዱት የነበረው ነገር አላስደስት ብሏችኋል? አንዱም አዎ ከሆነ፣ በዚያው በቁርጥማቱ ቀጠሮ ላይ አንሱት። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል የምትደነግጡ አላችሁ፤ ቀለል ያለው ድብርት እዚያ ሳይደርስ ጤና ጣቢያም ሊታከም ይችላል። ምክርም አለው፣ ኪኒንም አለው። ኪኒኑ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብላችሁ አትጣሉት። ሞት የተመኘ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉት ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።

ባሎች፣ ልጆች፣ ጎረቤቶች፦ ጠዋት ጄሪካኑን አውጡላት። ከሰዓት ለምን ደህና እንደሆነች አትመርምሯት።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። በሰው ፊት የከበደው ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ ግቢው በር ጋ አለሁ።