ጠቅ ጠቅ የሚለው ሃርድ ዲስክ፦ ዳታችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እጃችሁን አንሱ

[ስክሪኑ ጥቁር ነው። ድምፅ ብቻ፦ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… ጸጥታ። እንደገና ጠቅ… ጠቅ…]

ይህን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ኮምፒውተሩ አልነሳም ብሏል። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል። የልጅ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአምስት ዓመት ሂሳብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እና መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ማጥፋትና ማብራት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አስር ጊዜ።

ይህን ቪዲዮ የምታዩት ዲስካችሁ አጠገባችሁ ጠቅ ጠቅ እያለ ከሆነ አሁኑኑ አጥፉት። ገመዱን ንቀሉት። ከዚያ ተረጋግተን እናወራለን።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ዲስኬ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ጠቅ ማለት ሲጀምር ለሁለት ሰዓት ያህል ስሰካና ስነቅል ቆየሁ። በመጨረሻ ድምፁ ተቀየረና ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማ ዓይነት ሆነ። ባለሙያው ሲከፍተው ሳህኑ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት አሳየኝ። «መጀመሪያ ቀን አምጥተኸው ቢሆን ኖሮ…» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ለመልቀምም አልታደልኩም።

[ምስል፦ ክዳኑ የተነሳ አሮጌ ሃርድ ዲስክ]

ይሄኛው ምንም ዳታ የሌለበት አሮጌ ዲስክ ነው። ለማሳያ ብዬ ነው የከፈትኩት። የእናንተን ግን እንዳትከፍቱት።

እንደ መስታወት የሚያበራው ክብ ሳህን ፕላተር ይባላል። ከአሉሚኒየም ወይም ከብርጭቆ ይሠራል። ላዩ በጣም ስስ በሆነ የማግኔት ሽፋን ተለብጧል። ዳታው ያለው እዚያ ሽፋን ላይ ነው። ሳህኑ በአብዛኛው የላፕቶፕ ዲስክ ላይ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ይሄ ክንድ የመሰለው ነገር ጫፉ ላይ ሄድ የሚባል ማንበቢያ ይዟል። ሄዱ ሳህኑን አይነካም። መሽከርከሩ በሚፈጥረው አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው።

ምን ያህል ከፍ ብሎ? ጥቂት ናኖሜትር። የአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙ አስር ሺህ ናኖሜትር ነው። ስለዚህ በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት ለሄዱ ተራራ ናት። ክዳኑን ሳሎን ውስጥ የማይከፍቱት ለዚህ ነው።

አሁን ጥያቄው፦ የእናንተ ዲስክ ምን ሆኖ ነው? ለማወቅ ምንም ከመጫናችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት።

ድምፁ ጤነኛ ነው እንበል። ኮምፒውተሩም ዲስኩን ያየዋል። የጠፋው ፋይሉ ብቻ ነው። በስህተት ዴሊት ተደርጓል፣ ወይም ዲስኩ ፎርማት ተደርጓል፣ ወይም ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» እያለ ነው። ከብልሽት ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ስንሰርዝ ወዲያው የሚጠፋው ማውጫው ላይ ያለው ምዝገባ ነው እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደለም። ቦታው «ባዶ ነው፣ ሌላ ነገር ይጻፍበት» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። እስኪጻፍበት ድረስ ግን የድሮው ዳታ እንዳለ ይቀመጣል።

ስለዚህ ምንም አትጻፉበት። ፎርማት ልበለው ወይ ሲላችሁ እንቢ በሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ዳታ የሚመልሰውን ሶፍትዌር ዳውንሎድ አድርጎ እዚያው ዲስክ ላይ ይጭነዋል። የሚፈልገውን ፎቶ በሚፈልግበት መሣሪያ ቀበረው ማለት ነው። ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፈልጉ። የተመለሰውንም ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ሶፍትዌር ለሚፈልግ ቴስትዲስክ እና ፎቶሬክ የሚባሉ ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ቴስትዲስክ የጠፋ ፓርቲሽን፣ ማለትም እንደ C ወይም D ያለ የዲስክ ክፍፍል፣ ይፈልጋል። ፎቶሬክ ደግሞ ማውጫውን ጨርሶ ትቶ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ፋይሎችን በመነሻቸው ይለያል። ለምሳሌ የጄፔግ ፎቶ ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ባይቶች ነው። ያቺን መነሻ ሲያገኝ «እዚህ ፎቶ አለ» ይላል። ችግሩ ስምና ፎልደር አይመልስም። በቁጥር የተሰየሙ አስር ሺህ ፎቶዎች ይሰጣችኋል፣ መለየቱ የእናንተ ሥራ ነው። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

[ምስል፦ ኮፒ የሚያደርገው መስኮት 43 በመቶ ላይ ቆሟል]

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ አታላይ ነው። ዲስኩ ይነሳል፣ ፋይሎቹም ይታያሉ፣ ግን ሁሉ ነገር እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል። ኮፒ ስታደርጉ መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል። ይሄ ብዙውን ጊዜ ባድ ሴክተር ነው። ሴክተር ማለት ዲስኩ ላይ ያለች ትንሿ የዳታ ክፍል ናት፣ በድሮዎቹ 512 ባይት፣ በአዲሶቹ 4,096 ባይት። አንዷ አልነበብ ስትል ዲስኩ ደጋግሞ ይታገላታል። ኮምፒውተሩም እንደገና ይጠይቀዋል። በዚህ ትግል መሃል ሄዱ እየተዳከመ ይሄዳል።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ እንደ ክሪስታልዲስክኢንፎ ባለ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። የመጀመሪያው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል፣ ሌሎቹ ማንበብ ያቃቱትን። ከዜሮ ወጥተው እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ ወደ ሞት መንገድ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ «ጤነኛ» የሚል ስላያችሁ ብቻ አትዘናጉ። ንጹህ መዝገብ ይዘው በድንገት የሚሞቱ ዲስኮችም አሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መጠገኛ ፕሮግራም ማስነሳት ነው። ስሙ ሐኪም ይመስላል። ግን የእሱ ሥራ የፋይል ማውጫውን ማስተካከል እንጂ የእናንተን ዳታ ማዳን አይደለም። በሚሞት ዲስክ ላይ እየጻፈ ያስተካክላል። የተበላሸውን ማውጫ ቆርጦ ሲጥል ፋይላችሁም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ዲስኩን ከነሙሉው መገልበጥ ነው። ኢሜጅ ማድረግ ይባላል። ፋይል በፋይል አይደለም። ፋይል በፋይል ስትገለብጡ ሄዱ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ ይደክማል። ኢሜጅ ሲሆን ግን ከመጀመሪያዋ ሴክተር እስከ መጨረሻዋ በተራ ይነበባል።

ለዚህ የምወደው ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው ነው። ብልህ ፕሮግራም ነው። ጤነኛውን ቦታ ቶሎ ቶሎ ይሰበስባል። እንቅፋት ሲያገኝ አይከራከርም፣ ዘልሎት ይሄዳል። የቀላሉን ሁሉ ካወጣ በኋላ ነው ወደ ተዘለሉት የሚመለሰው፣ ከዳር ከዳር እየቆረሰ። ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ቀድሞ ወጥቷል። የደረሰበትንም በአንዲት ፋይል ላይ ይመዘግባል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ ሲግል አቁማችሁ ብታሳርፉት ካቆመበት ይቀጥላል፣ የመዝገቡን ፋይል ካልጣላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትእዛዙ ላይ ምንጩንና መድረሻውን ካቀያየራችሁ ባዶውን ዲስክ በዳታችሁ ላይ ትገለብጡታላችሁ። ያኔ ማንም አይመልሰውም። የዲስኮቹን መጠንና የሞዴል ስም ሁለቴ አንብቡ፣ ከዚያ ኢንተር። መድረሻውም ቢያንስ የምንጩን ያህል ቦታ ይኑረው።

ኢሜጁ ካለቀ በኋላ የታመመውን ዲስክ ነቅላችሁ አስቀምጡት። ፍለጋው፣ ሙከራው፣ ስህተቱም ጭምር ቅጂው ላይ ይሁን።

[ምስል፦ የዲስኩ ጀርባ፣ አረንጓዴው ቦርድ]

ሦስተኛው ጭራሽ ዝም ያለ ዲስክ ነው። አይሽከረከርም፣ አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ቀላሉን ጠርጥሩ፦ ገመድ፣ ሶኬት፣ አዳፕተር። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ኃይል ሲያንሰው ዝም ሊል፣ ሊንጫጫ ወይም ጠቅ ሊል ይችላል። በሌላ ገመድ ሌላ ቀዳዳ ላይ አንዴ መሞከር ተገቢ ነው። አንዴ ነው ያልኩት።

ትልልቆቹ የጠረጴዛ ዲስኮች ደግሞ በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ወደ 19 ቮልት ነው። ጫፉ ስለገጠመ ብቻ የሚሰካ ሰው አለ። ያኔ ቦርዱ ላይ ያለችው መከላከያ ዳዮድ ትቃጠላለች። እሷ የተሠራችው ለዚህ ነው፣ ሌላውን ለማትረፍ ራሷ ትሞታለች። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ለባለሙያ ቀላል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ታዲያ ያንኑ ሞዴል ገዝቼ ቦርዱን ብቀይረውስ?» የሚል አይጠፋም። ድሮ ይሠራ ነበር። በአሁኖቹ ዲስኮች ላይ ግን ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ የዚያን የአንዱን ዲስክ ልክ ይዛለች፣ ፋብሪካ ውስጥ ለራሱ ሄዶች የተለካ። ቺፗ ካልተዛወረች አዲሱ ቦርድ የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው።

እና አራተኛው፣ መጀመሪያ የሰማነው ጠቅ ጠቅ። ሄዱ ቦታውን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ክንዱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ሄዱ ከተሰበረ እያንዳንዱ ሙከራ ሽፋኑን የመፋቅ ዕድል ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌር የለም። ንጹህ አየር ባለው ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ዲስክ ተፈልጎ ሄዶቹ ይቀየራሉ፣ ከዚያ ቶሎ ኢሜጅ ይደረጋል። ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም።

ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ በእጃችሁ መታ መታ አድርጉት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙ። ከፍሪጅ የወጣ ነገር ላብ ያልበዋል። ያ እርጥበት ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ሄዱ ምን እንደሚያገኘው ገምቱ።

ግን ተስፋ መቁረጥም አይገባም። በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና 7 ጠፈርተኞች ሞቱ። ከስብርባሪው መሃል የተቃጠለ የሲጌት ሃርድ ዲስክ ተገኘ። 340 ሜጋባይት ገደማ የሚይዝ፣ ስለ ዜኖን ጋዝ የተደረገ ሙከራ የተመዘገበበት። ብረቱ ተለብልቧል፣ አቧራ ገብቶበታል። ክሮል ኦንትራክ የተባለው ድርጅት ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጥበው ሌላ ዲስክ ውስጥ ገጠሟቸው። 99 በመቶ ያህሉ ዳታ ወጣ። የሙከራው ውጤትም በ2008 ታተመ። ከሰማይ የወደቀው ዳታ የተረፈው እሱ ያለበት የሽፋኑ ክፍል ስላልተፋቀ ነው። የእኔ ከጠረጴዛ ወድቆ የጠፋው ስለተፋቀ ነው።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም ዳታን በሳህን ሳይሆን በቺፕ ላይ የሚይዘው ዲስክ ያላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ ይለያል። የሚሽከረከር የለም፣ ጠቅ የሚል የለም፣ ሲሞት በዝምታ ነው። የተሰረዘ ፋይልም እንደ ሃርድ ዲስክ አይቆይም። ትሪም የሚባል ትእዛዝ ቦታው ባዶ መሆኑን ለኤስኤስዲው ይነግረዋል፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ያጸዳዋል። ስለዚህ በስህተት ከሰረዛችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ኮምፒውተሩን ማጥፋት እንኳ ዋስትና አይደለም። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዳታ መቆለፊያ፣ ተቆልፎ ከነበረ ደግሞ 48 አሃዝ ያላትን የማስመለሻ ቁልፍ ፈልጉ። ያለ እሷ ወይም ያለ ፓስወርዱ ባለሙያው ዲስኩን እንዳለ ቢያነበው እንኳ የሚያገኘው ዝብርቅርቅ ነው።

ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ ኢሜጅ አድርጋችሁ ነው ወይስ በቀጥታ ዲስኩ ላይ የምትሠሩት? ክፍት ማድረግ ካስፈለገ የት ነው የምትከፍቱት? ሁለተኛውን ሲሰማ ፊቱ የተኮሳተረ ሰው ዘንድ ዲስኩን አትተዉ። የተደረገውንም ሁሉ ንገሯቸው፣ ፍሪጁንም ጭምር። ሐኪም ቤት ሄዶ የወሰዱትን መድኃኒት መደበቅ አይጠቅምም።

[ምስል፦ የተመለሱ ፋይሎች ዝርዝር]

ዳታው ሲመለስላችሁ የፋይሉን ስምና መጠን አይታችሁ ብቻ «ወጥቷል» አትበሉ። ክፈቱት። ያልተነበበች አንዲት ሴክተር ፎቶውን ከግማሹ ወደ ታች ግራጫ ልታደርገው ትችላለች። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ጎትቱት። የሂሳብ ፋይሉን ገጽ በገጽ እዩ። ከዚያ ወዲያውኑ ሌላ ቅጂ አድርጉለት፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ። ይህን ሁሉ እስክትጨርሱ የተበላሸውን ዲስክ አትጣሉት።

የእኔ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ጭረቱን አይቼዋለሁ፣ እንደማይመለስም አውቃለሁ። ግን መጣሉ አልሆነልኝም።