መርፌዋ ለምን ወደቀች?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። በእጄ ስለሠራኋት መኪና ከዚህ በፊት አውርተናል። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ብልሽቷ ነው። ሞተሩ ሚስ ያደርጋል። ሁልጊዜ ቢያደርግ ኖሮ ይህን ያህል ባላወራሁ ነበር። አንዳንዴ ነው የሚያደርገው። ያስቸገረኝም ይኸው "አንዳንዴ" ነው።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ሚስ ማድረግ ማለት አንድ ሲሊንደር ወይም ከዚያ በላይ ተራው ሲደርስ ሳያቃጥል ሲያልፍ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያቃጥለው ክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ሁለት ዙር ሲዞር አንዴ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር እየዞረ ነው እንበል። አራት ሲሊንደር ካለው በሰከንድ 100 ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው። ከመቶው ጥቂቱ ሲቀር መሪ የያዘው ሰው ወዲያው ይሰማዋል፤ መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ጉልበቷ ይቆራረጣል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን በሰከንድ መቶ ጊዜ ሳይሳሳት መሥራቱ ነው።

ቋሚ ብልሽት ደግ ነው። ቆሞ ይጠብቅሃል። ትለካለህ፣ ታገኘዋለህ፣ ትጠግናለህ። የሚመጣና የሚሄደው ግን ሌላ ነው። ጥግ ይዘህ ቆመህ ኮፈኑን ስትከፍት ምንም የለም። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላው ደህና፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚልከው ኮይሉ ደህና፣ ነዳጁ ይመጣል። ቴስተሩም ሁሉን ነገር ደህና ነው ይልሃል። ቴስተሩ አልዋሸም። አንተ የለካኸው ብልሽቱ በሌለበት ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው ዕቃ መቀየር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካንዴላ ይቀየራል። ከዚያ ኮይል፣ ከዚያ ፊልትሮ። ከቅየራው በኋላ ብልሽቱ ጥቂት ቀን ከጠፋ "አገኘሁት" ይባላል። እሱ ግን በራሱ ጊዜ ነው የጠፋው፤ በራሱ ጊዜ ደግሞ ይመለሳል። እኔ ይህን መንገድ አልወደውም። ገንዘቡን ትቼ ማለቴ ነው። አዲስ የገባ ዕቃ ሁሉ ገና ያልተፈተነ ነው። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየርክ ደግሞ የትኛው ምን እንዳደረገ መቼም አታውቅም።

የፋብሪካ መኪና ቢሆን ሌላ እርዳታ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ኦቢዲ 2፣ ማለትም መኪናዋ ራሷን መርምራ ብልሽቷን በኮድ የምትናገርበት ሥርዓት፣ የግዴታ ሆኗል። በዚህ ሥርዓት ኮምፒውተሩ የክራንኩን ፍጥነት እያየ ሚስ ያደረገውን ሲሊንደር ይለያል። ኮዱ ፒ0301 ካለ አንደኛው ነው፣ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው፤ ፒ0300 ደግሞ በአንድ ሲሊንደር ያልተወሰነ ነው። የሽቦውም ካርታ ታትሞ ይገኛል። ያንኑ ብልሽት ከአንተ በፊት ሺህ ሰው አይቶታል። በቤት የተሠራች መኪና ግን ሞተሯ ከአንድ መኪና፣ ካምቢዮዋ ከሌላ ነው። ኮምፒውተሯ ለብቻው የተገዛ ነው። የኔው ኮምፒውተር ሚስ አይቆጥርም። ሽቦዋ በየት በኩል እንደሚያልፍ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ይህ ያኮራል። ያስፈራልም። ምክንያቱም "ይህችን እኔ ራሴ ነኝ ያሰርኳት፣ ደህና ናት" ብለህ የምታልፋት ቦታ ሁሉ ሳትፈተን ትቀራለች።

ስለዚህ ማስታወሻ ያዝኩ። ምን ተበላሸ የሚለውን ለጊዜው ተውኩት። የጻፍኩት መቼ የሚለውን ብቻ ነው። ሞቆ ነው ቀዝቅዞ? በስንተኛ ማርሽ? ነዳጅ ስረግጥ ነው ስለቅ? ሰልባቲዮው ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ አለ? መንገዱ ቀጥ ያለ ነው ጥምዝ?

እያንዳንዱ መልስ የሚጠቁመው ቦታ አለው። ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ከሆነ ብልጭታውን እጠረጥራለሁ። ጭነት ሲበዛ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊት በጨመረ ቁጥር ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል ብዙ ቮልት ይፈልጋል። ውጭ አውጥተህ ስታየው ደስ የሚል ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ፣ ውስጥ ገብቶ ጭነት ሲያገኘው ዝም ሊል ይችላል። ረጅም መንገድ ተነድቶ ቀስ በቀስ ጉልበት ካጣ የሰልባቲዮው መተንፈሻ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑን ስትከፍት አየር "ፍስስ" ብሎ ከገባ ነገሩን አገኘኸው። እርጥበት ባለበት ቀን ከባሰ ደግሞ ወፍራሞቹን የካንዴላ ሽቦዎች ነው የማየው። ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስተህ ውሃ በስሱ ስትረጭባቸው፣ ያረጁ ከሆነ ሰማያዊ ብልጭታ ሲያፈስሱ በዓይንህ ታያለህ። እጅ ግን አይነካቸውም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚያልፍባቸው።

ግራውንድን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ሳላነሳ አላልፍም። እኛ በምንሠራቸው መኪኖች ከሁሉ የሚረሳው እሱ ነውና። ፋይበርግላስ አካል ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሩ የተቀመጠው የላስቲክ ማቀፊያ ላይ ነው። ሻንሲው ቀለም ተቀብቷል። ታዲያ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው በየት ይመለሳል? የራሱ ወፍራም ሽቦ ካልተሰጠው በማይሆን መንገድ ይመለሳል፤ ሴንሰሮቹም የተዛባ ነገር ያወራሉ። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ መንገዱ ጥሩ አይደለም። የኔ ደህና ነበር።

ማስታወሻው እያደገ ሲሄድ ግን ግራ አጋባኝ። አንዳንዱ መስመር "በሁለተኛ ማርሽ፣ በደንብ ስረግጥ" ይላል። ሌላው "ጥምዝ ላይ፣ ሳልረግጥም" ይላል። አብረው አይሄዱም። ስልኬን ዳሽቦርዱ ፊት ለፊት አሰርኩና ስነዳ መቅረጽ ጀመርኩ። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ሳየው የዙር ቆጣሪዋ መርፌ ወደ ታች ወድቃ ወዲያው ስትመለስ አየሁ።

እስቲ አስቡት። ከባድ ፍላይዊል (ክራንኩ ጫፍ ላይ የሚዞር ከባድ ብረት) ያለው ሞተር፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ መኪናዋ እየሄደች፣ በዓይን ጥቅሻ ቆሞ እንደገና ሊነሳ አይችልም። በተፈጥሮ ሕግ አይሆንም። ስለዚህ ሞተሩ አልቆመም። መርፌዋ የምታሳየው ከኮምፒውተሩ የሚመጣላትን ነው፤ ኮምፒውተሩ ለዚያች ቅጽበት ሞተሩ መዞሩን አላየም ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ካንዴላን፣ ኮይልንና ነዳጅን ለጊዜው ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣኋቸው። በአንድ መርፌ ምክንያት ይህን ያህል ነገር መቅረቱ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር የሚያውቀው በክራንክ ሴንሰር ነው። ክራንኩ ላይ ጥርስ ያለው ክብ ብረት አለ። የኔው ለ36 ጥርስ የተከፋፈለ ሆኖ አንዱ ሆን ተብሎ ተነቅሏል፤ ያለው 35 ነው። ያቺ ባዶ ቦታ ስታልፍ ኮምፒውተሩ ፒስተኖቹ የት እንዳሉ ያውቃል። ሲግናሉ ከተቆረጠ ብልጭታም ነዳጅም መቼ እንደሚሰጥ ስለማያውቅ ሁለቱንም ያቆማል። ሲመለስለት ይቀጥላል።

ሞተሩን ነዳጅ ሳልረግጥ በሚኒሞ አስነስቼ የሴንሰሩን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ቀስ እያደረግኩ ነቀነቅኩ። ምንም የለም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ የላስቲክ ማቀፊያዎቹ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሽቦውን ወደዚያው አቅጣጫ ሳብ ሳደርገው ሞተሩ እጄ ላይ ጠፋ። ጮህኩ፣ በደስታ።

ሽቦው ከሞተሩ ጋር የመጣ አሮጌ ሽቦ ነው። ላስቲኩ በሙቀት ደርቋል፣ ግን ምንም አልተሰነጠቀም። ስሰነጥቀው ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል፤ ሁለቱ ጫፎች ተነካክተው ነው የተቀመጡት። ቆሞ ሲለካ ለምን ደህና ይል እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሞተሩ ሲያዘነብል ይለያያሉ፣ ሲመለስ ይገናኛሉ። አዲስ የገባው ሽቦ በብረት መረብ የተሸፈነ ነው። መረቡ ግራውንድ የሆነው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ከካንዴላ ሽቦዎቹም አርቄዋለሁ። እዚያው ላይ አልቆምኩም። አሮጌውን ጠግኜ ሳይሆን እንደተበጠሰ መልሼ አሰርኩት፣ መኪና በሌለበት መንገድ ነዳሁ፣ መርፌዋ እንደገና ወደቀች። አዲሱን መልሼ አስገባሁ፣ ያንኑ መንገድ ደገምኩት፣ ጸጥ። ብልሽቱን በፈለግኩት ሰዓት ማምጣት ካልቻልኩ፣ ማጥፋቴን አላምንም።

ይሄ እንግዲህ የማስታወሻውን ግማሽ ዘጋ። ጥምዙ ላይ ያለው ቀርቷል፤ እሱ ሌላ ብልሽት ነው። እዚያ መርፌዋ አትወድቅም፣ ጉልበቱ ብቻ ይሸሻል። ሰልባቲዮዬ ሰፊና ዝርግ ነው፣ ውስጡ ክፍልፋይ የለውም። ነዳጁ ሲያንስ ጥምዙ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፣ ፓምፑም አየር ይስባል። ሰልባቲዮውን ሞልቼ ያንኑ ጥምዝ ስዞር ምንም አላደረገም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሰልባቲዮውን ከፍቶ ክፍልፋይ መበየድ ነው። ይህን እኔ ቤት ውስጥ አልሞክረውም፤ እናንተም እባካችሁ አትሞክሩት። ቤንዚን የነበረበት ዕቃ ባዶ ነው ሲባልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ሙሉ ሆና የምትቆይ ትንሽ ማጠራቀሚያ በመሃል ማስገባት ነው። ዋናው ፓምፕ የሚጠጣው ከእሷ ስለሆነ ከሰልባቲዮው ለጊዜው አየር ቢመጣም እሱ አየር አይስብም። እኔ የመረጥኩት ይህን ነው። መቀመጫዋን እየለካሁ ነው፤ ከማርሚታው ሙቀት ራቅ ያለ ቦታ ነው የምፈልገው። እስክትገጠም ግን ሰልባቲዮው ከግማሽ ሲወርድ እሞላለሁ።

በዚህ ዓይነት ሰልባቲዮ የሠራችሁ ካላችሁ ትንሿን ማጠራቀሚያ የት እንዳስቀመጣችኋት ንገሩኝ። ሳምንት እንገናኝ።